የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ሟች

በ2079 ዓ.ም. በሰንበሌጥ ከተማ ሰው ማለት ዛፉ ላይ ያለ ሰው ነው። ዛፉ ስል ጓሮ የሚተከለውን አይደለም፤ የሰውን ሁሉ ስም የያዘውን ማውጫ ነው። ሥሩ አገር፣ ግንዱ ከተማ፣ ቅርንጫፉ ቀበሌና ቤት፣ ቅጠሉ እያንዳንዱ ነፍስ። ቧንቧው ውሃ ከማውረዱ በፊት ማውጫውን ይጠይቃል። አውቶቡሱ ከመቆሙ በፊት ይጠይቃል። የጉልት ሚዛን እንኳ ቲማቲሙን ከመመዘኑ በፊት ገዢዋ ማን እንደሆነች ይጠይቃል። ድሮ ሰው ሲተዋወቅ "የማን ልጅ ነህ?" ይባባል ነበር አሉ፤ አሁን "የየትኛው ቅርንጫፍ?" ነው የሚባለው። ይህን እንደ ጉድ የሚያይ የለም። ውሃው እስከወረደ ድረስ ማን ምን ቸገረው!

ወይዘሮ ሶልያና ለዚህ ማውጫ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች። ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ መስኮት አራት ላይ ተቀምጣ የሰው ሞት ትመዘግባለች፤ ሞት በሌለበት ቀን ደግሞ ልደትና ጋብቻ። ስትመዘግብ ቅጹን መሙላት ነው፤ ቅጹ ከስር ለማን ምን እንደሚናገር ጠይቃም አታውቅ። ለምን ትጠይቅ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው ተሳስታ አልገደለችም።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መስኮቶቹ በሙሉ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይዘጋሉ፤ ከስድስቱ ሠራተኞች ቦታ የሚቀረው አንድ የማውጫ ጠባቂ ብቻ ነው። የፈለገ የአሥራ ሁለት ሳምንት ኮርስ ይውሰድና ይፈተን፤ ኮርሱም ለማንም ክፍት ነው። ያላለፈ "ሠራተኛ" ከሚባለው ቡድን ይወጣል። ከቡድኑ መውጣት ማለት ከሠራተኞች ክሊኒክ፣ ከሠራተኞች መግቢያ፣ ከሠራተኞች ሕንፃ መውጣት ነው። ሶልያና የምትኖረው ደግሞ ሠራተኞች ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ባል ፈትታለች፣ ልጅ የላትም። ያቺ ወንበር ካመለጠቻት ማታ የምትገባበት በር አይኖራትም። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ የማወራላችሁን ሁሉ በዚህ ዓይን ስሙልኝ።

አስተማሪው ጋሽ ያብስራ የሚባሉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ለአምስቱ ተማሪዎች አምስት አሮጌ ኮምፒውተር ሰጡና ቅጽ የሚባል ነገር እንዳያዩ ከለከሏቸው። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ ኪቦርድ። በቃ።

"ቅጽ መሙላት ጽሕፈት ነው" አሉ። "እዚህ የምትማሩት ከቅጹ በታች ያለውን ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስ ትጭናላችሁ፣ ማውጫውን ታቆማላችሁ፣ ሥሩን ትሰይማላችሁ፣ ማን ምን እንደሚያይና ማን ምን እንደሚጽፍ ትደነግጋላችሁ። ከዚያ በየቦታው ለተቀመጡት እህት ማሽኖች፣ ለሰርቨሮቹ ሁሉ፣ ግልባጭ ይሄዳል። እዚህ ያጠፋችሁት በአምስት ደቂቃ ውስጥ እዚያም ይጠፋል። ስለዚህ እጃችሁን ሰብሰብ!"

ሶልያና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ይህ የሷ ቤት ነው፤ ሌሎቹ እንግዳ ናቸው። አጠገቧ የተቀመጠችው ይርገዱ የምትባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት። በዚያ ዘመን የድሮ ስም ፋሽን ሆኖ ተመልሷልና ወጣቱ ሁሉ ይርገዱ፣ በላቸው፣ ድንቅነሽ ነው። ይርገዱ ከዚህ በፊት አትክልት ትሸጥ ነበር። ባሏ የባቡር ነጂ ነው፤ ወር ሙሉ ድንበር ላይ ይውላል። የሦስት ዓመት ልጅ አለቻት። ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም።

ኤዲያ፣ አትክልት ሻጭ! ብላ ሶልያና ልቧን አሳረፈች።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያ ያረፈ ልብ ተነሣ። የዚያን ቀን ትምህርቱ ስለ ፈቃድ ነበር። ሶልያና በሰርቨሯ ላይ መጀመሪያ "ማንም አያንብብ" ብላ ጻፈች፤ ቀጥላ "ሠራተኛ ያንብብ" አለች። ማውጫው ግን ከላይ ወደ ታች ሲያነብ መጀመሪያ የገጠመውን ሕግ ይዞ ነው የሚፈርደው፤ ከሥር ያለውን አያይም። ሰርቨሯ ሁሉንም ዘጋ፤ እሷንም ጭምር። ጋሽ ያብስራ ስክሪኗን ግድግዳው ላይ አወጡትና "ማን ያድናታል?" አሉ። ይርገዱ ተነሥታ ሁለተኛውን መስመር ወደ ላይ አመጣችው። አንድ መስመር ብቻ! ተከፈተ። ክፍሉ አጨበጨበ። የመስኮት አምስቷ ህሊና፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሶልያና ጋር ምሳ የበላችው ህሊና፣ ከሁሉ በላይ አጨበጨበች።

"ተባረኪ" አለች ሶልያና። አፏ ነው ያለው። አንጀቷ አርሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ያብስራ ስለ ቀን አጻጻፍ አንድ ጥብቅ ነገር ተናገሩ። ሌሎቹ ደብተር ላይ አሰፈሩት። ሶልያና ግን ጭብጨባው ጆሮዋ ውስጥ ነበርና አንድ ቃል አልሰማችም።

ይርገዱ ክፉ ብትሆን እኮ ይቀል ነበር። ክፉ ሰውን መቅናት ያሳፍራል እንጂ አያቃጥልም። ይቺ ግን "እትዬ ሶልያና፣ ትንሽ ሽምብራ ቆሎ ይዤልዎታለሁ" ትላለች። "እትዬ ሶልያና፣ እርስዎ ባይኖሩ ይህን ሞት የሚባል ነገር ማን ያስረዳኝ ነበር" ትላለች። አንድ ጠዋት ሶልያና ማን መቼ ምን እንደጻፈ የሚይዘውን ሎግ ስታገላብጥ፣ ይርገዱ ከሁሉም ቀድማ እየመጣች የሷን ስህተት በዝምታ ስታርምላት እንደከረመች አየች። አራት ቀን ሙሉ "ዛሬስ ሠራልኝ" እያለች የተደሰተችበት ሁሉ የይርገዱ እጅ ሥራ ነው። በጎ ሥራ ነው? ነው። ግን አንዳንድ በጎ ሥራ ከጥፊ ይብሳል። ሶልያና የዚያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ምን አደረገችኝ? አለች ለራሷ። ምንም። እሱ ነው እኮ የሚያንገበግበው!

ፈተናው ዓርብ ሰኔ 13 ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በሰንበሌጥ ፈተና ያመለጠው ሰው ሁለተኛ አይፈተንም፤ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ የሚል ጠያቂ የለም፤ በሩ ያስገባው ተፈታኝ ነው፣ ያላስገባው አይደለም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሶልያና መስኮት አራት ላይ ብቻዋን ነበረች። ሞት የሚመዘገብበት መስኮት ነውና የማንንም ቅጠል የመጨረሻ ቀን የመጻፍ ፈቃድ አላት። በቅጹ ቢሆን ህሊና ሁለተኛ ፊርማ ማኖር አለባት። በጥቁሩ ስክሪን ግን ማንም አይጠይቅም፤ ይህን ደግሞ አሁን ተምራለች። መማር ጥሩ ነው የሚለውን ሰው አንዳንዴ እንዲህ ያለውን አሳዩት።

ያሰበችው ትንሽ ነገር ነበር። መግደልማ አላሰበችም፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ። የይርገዱ ቅጠል ዓርብ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንዲያበቃ ትጽፋለች፤ በሩ አይከፈትላትም፤ ስድስት ሰዓት ላይ እሷው ራሷ "ውይ፣ የጽሕፈት ስህተት" ብላ ታነሣዋለች። ግማሽ ቀን። ግማሽ ቀን ሰውን ምን ያደርጋል?

ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን አያይዛ ጻፈች፦ ሁለት ሺህ ሰባ ዘጠኝ፣ አሥረኛው ወር፣ አሥራ ሦስተኛው ቀን። ሰኔ አሥረኛ ወር አይደል? ነው። ተጫነች። ጥቁሩ ስክሪን ምንም አላለም። ጥቁር ስክሪን ሲሳካለት ዝም ነው የሚለው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅጹ ዘመኑን እየገለበጠላት ኖሯል ለካ! ከቅጹ በታች ያለው ማሽን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ጋሽ ያብስራ ከጭብጨባው በኋላ የተናገሩትም ይህንኑ ነበር። በማሽኑ ዘመን አሁን ያለው 2087 ነው። ስለዚህ 2079 አሥረኛ ወር ብላ ስትጽፍለት፣ ማሽኑ የተረዳው ይርገዱ የምትባል ሴት ሕይወቷ ካበቃ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ሆኗታል ብሎ ነው። በማውጫው ሕግ ደግሞ ሰባት ዓመት ያለፈው ቅጠል "ያረፉ" ወደሚባለው ቅርንጫፍ ይዛወራል። ጠረጋው በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ይርገዱ ልጇን ድንቅነሽን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መዋዕለ ሕፃናት አደረሰች። ሦስት ሰዓት ሲል ሞተች። ሩብ ጉዳይ ለአራት ቤቷ ስትደርስ በሩ አላወቃትም፤ ደጃፏ ላይ ደግሞ ድንኳን ተተክሏል። የእድሩ ድንኳን ማውጫው እንደነገረው በራሱ ጋሪ ተንከባሎ መጥቶ ነው የሚተከለው። የምሥራቅ እድር አባላት ጥሪ ደርሷቸው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ ሦስት ለቅሶ የቀረ ከቡድኑ ይወጣልና ማን ይቀራል? አንዲት አሮጊት ከልባቸው እያለቀሱ ነው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሮቤል ስም ይጠራሉ።

"ጋሽ ሮቤል! እኔ እኮ ነኝ!" አለች ይርገዱ።

"አየሁሽ ልጄ፣ አየሁሽ። ምን ዓይነት ጉድ ነው! ግን ስም እየጠራሁ ነው፣ እስቲ ትንሽ ዞር በይልኝ።"

"በቁሜ ልታለቅሱብኝ ነው?"

"እኛ ምን እናድርግ? ሬሳ የለም ብለን ብንበተን ቀሪ ይጻፍብናል። ወረዳ ሂጂና አስተካክዪ። ስታስተካክዪ ድንኳኑ ራሱ ይነሣል።"

አሮጊቷ ቀና ብለው አይዋትና "አይ ይርገዱዬ፣ ምን የመሰለች ልጅ ነበረች" ብለው ለቅሷቸውን ቀጠሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር። ወረቀቱ ቀርቷል፤ ሞኙ ግን አልቀረም።

አውቶቡስ አልቆመላትም። በእግሯ አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዛ ወረዳ ደረሰች፤ በሩም ስላልከፈተላት ከአንድ ሰውዬ ኋላ ተለጥፋ ገባች።

ሶልያና ከጠዋቱ ጀምራ አውቃው ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ መስኮት አራት ላይ "አዲስ ያረፈች፦ ይርገዱ ተሰማ፣ ካረፈች ሰባት ዓመት ከስምንት ወር" የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ምን እንደሠራች ያን ጊዜውኑ ገባት። መጀመሪያ የመጣባት ፍርሃት ነው። ሁለተኛ የመጣው ግን፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ደስታ ነው። ቀጭን፣ የሚያሳፍር፣ ጣፋጭ ደስታ። ሞታ አትፈተንም፤ ወንበሩ የኔ ነው።

ይርገዱ መስታወቱ ፊት ለፊት ስትቆም ላብ በላብ ሆና ነበር። ቢሆንም ትስቃለች።

"እትዬ ሶልያና! ጉዴን ሰሙልኝ? ሞቻለሁ አሉ! ለዚያውም ከሞትኩ ከርሜያለሁ!"

"ወይ ልጄ! እንዴት ሆኖ?" አለች ሶልያና። የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት።

ይርገዱ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"የኔስ ይሁን። ልጄን ነው። ድንቅነሽ የተወለደችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ እኔ ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት ሞቻለሁ። ልጅ የሚጻፈው በእናቱ ሥር ነው፤ ከሟች የተወለደ ልጅ የለም ብሎ ማውጫው እሷንም አውጥቷታል። አባቷም ድንበር ላይ ነው። ወደዚህ ስመጣ መዋዕለ ሕፃናቱ ጎራ ብዬ በአጥር ጠራኋት፤ አየችኝ፣ መጣች፤ በሩ ግን ስም የሌለውን ልጅ አያስወጣም። ሞግዚቷ ልትሰጠኝ ብትፈልግም አትችልም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስም የሌላቸውን ሕፃናት የሚሰበስበው መኪና ይመጣል።"

መኪናውን ሶልያና ታውቀዋለች። የሚሄደው ሌላ ከተማ ያለ ማቆያ ነው። እዚያ የገባ ልጅ አዲስ ስም፣ አዲስ ቅርንጫፍ ይሰጠዋል፤ ተመልሶ የመጣ ግን መስኮት አራት ላይ መዝግባ አታውቅም። ይህን አላሰበችም ነበር፤ ስለ ልጅ አንድም ጊዜ አላሰበችም።

"ጋሽ ያብስራስ?"

"ሐሙስ ሐሙስ ክፍለ ሀገር ያስተምራሉ። ወደ ያረፉት ቅርንጫፍ የተዛወረ ሰው የሚነሣው በሳቸው ቁልፍ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ከዚህ ሰርቨር ክፍል ውጭ አይሠራም። ነገ ጠዋት ነው የሚመጡት።" ይርገዱ ሁለት እጇን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። "ግን ልጅ ማስጠጋት የሚባል አለ አይደል? በሕይወት ያለች ሴት፣ በፈቃዷ፣ ከራሷ ሥር። ምክንያት አይጠየቅም። በእርስዎ ስም ያስጠጉልኝ እትዬ። ከእርስዎ በላይ ማንን አምናለሁ?"

ሶልያና ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። አስጠጋቻት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የመዋዕለ ሕፃናቱ በር "እናት፦ ሶልያና" ብሎ ተከፈተ። ድንቅነሽ እየሮጠች ወጥታ በሶልያና በኩል አልፋ የእናቷን እግር አቀፈች። በሩ ግን ጮኸባት፤ ቢጫ መብራት እየበራ "ከእናትሽ አትራቂ" አለ። የልጅቷን እጅ የያዘችው ሶልያና መሆን ነበረባት። ሦስቱ መንገድ ገቡ፤ ሶልያና ልጅቷን ይዛ ከፊት፣ ይርገዱ ሁለት እርምጃ ከኋላ። አውቶቡሱ ለሁለቱ ቆመ። ሦስተኛዋ ተጋፍታ ገባች።

የሄዱት ወደ ሶልያና ቤት ነው፤ የይርገዱ ደጅ ላይ ለቅሶው አላለቀማ። ቧንቧው የሁለት ሰው ውሃ አወረደ። ከፍቺዋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ! ሶልያና ባልዲው ሲሞላ ቆማ አየችው፤ አሥራ አንድ ዓመት የአንድ ሰው ውሃ ነበር የሚወርድላት። ልጅቷን አጠበቻት፣ ፓስታ አበላቻት። ድንቅነሽ ወጡን ፊቷ ላይ ቀብታ ስቃ "ሶሊ" አለቻት። ይህም ነበራት? አለች በልቧ። ያንን ጭንቅላት፣ ያንን የሰው ፍቅር፣ ይህንንም? ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ምን ይሠራለታል? እኔስ ይህቺን ብቻ ቢተዉልኝ?

ይርገዱ ደግሞ ምን ብትሠራ ጥሩ ነው? ራት ከበሉ በኋላ ደብተሯን አወጣች።

"እኔ ነገ በሁለት ሰዓት በሩ አያስገባኝም። እርስዎ ግን ማለፍ አለብዎት። ይበሉ፣ ግልባጭ ወደ እህት ሰርቨር አልሄድ ሲል መጀመሪያ ምን ያያሉ?"

"ሎጉን።"

"ቀጥሎስ?"

"ሰዓታቸውን። እኩል መሆኑን።"

"ጎበዝ! ቀኑስ በየትኛው አቆጣጠር ነው የሚጻፈው?"

ሶልያና የፓስታውን ሳህን ማንሣት ጀመረች።

"በፈረንጅ ነው፣ እትዬ። ይህን አይርሱ" አለች ይርገዱ፣ ገጹንም ገለጠች።

ዓርብ ጠዋት አራት ተፈታኞች ገቡ። ጋሽ ያብስራ በሌሊት መኪና መጥተዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ይርገዱ ከደጅ፣ ከመስኮቱ ውጭ ቆማ ነበር።

"ያዘጋጀሁትን ፈተና ጥየዋለሁ" አሉ። "ትናንት አንዲት ነፍስ ከዛፋችን ወድቃለች። ጥያቄው አንድ ነው፦ የማን እጅ ነካት? መቼ? እንዴት ትመለሳለች? ሰዓት ጀምሯል።"

ሦስቱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሎጉን አወጡት። ሶልያና አልነካችውም፤ ምን እንዳለበት ታውቃለች። ኪቦርዶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ማንም ወደሷ ዞሮ አላየም፤ ዝምታው ግን ዞሮ አያት። በመጨረሻ ህሊና ናት የተነፈሰችው።

"የቀን ስህተት ነው ጋሼ። በኛ አቆጣጠር ጽፋው ነው። ምስኪን! ማናችንም ልንሳሳተው የምንችለው ነው።"

"እሱማ ነው" አሉ ጋሽ ያብስራ፤ ቀለል አላቸው። "ነዪ ልጄ ሶልያና፣ ነዪ። ሟች የሚነሣው የጻፈው እጅ ምክንያቱን ሲፈርም ነው።"

የይርገዱን የመጨረሻ ቀን ለምን ነካሽው ብሎ የጠየቀ የለም። ሁሉም የፈለጉት ማሽኑ እንዴት እንደተሳሳተ ነበር። ስክሪኑ ላይ ዝርዝር ወጣ፦ የጽሕፈት ስህተት፣ የቀን ስህተት፣ ሕመም፣ የበላይ ትእዛዝ። ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበረበትም። ዝርዝሩን ያዘጋጁት ደግ ሰዎች ኖረዋል። ሶልያና "የቀን ስህተት" የሚለውን መርጣ ፈረመች፤ ውሸትም አልነበረም። ጋሽ ያብስራ ቁልፋቸውን አኖሩ። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ሞታ የከረመችው ሴት ተነሣች፤ በሩ ተከፈተላትና ገባች። ሰዓቱም ገና ነበርና ጋሽ ያብስራ የተዉትን ፈተና ለሁሉም መልሰው ሰጡ፤ እሷም ተቀምጣ ተፈተነች። በሃያ ደቂቃ ጨረሰች። የማውጫ ጠባቂነቱን ቁልፍ ስድስት ሰዓት ላይ ሰጧት፤ ክፍሉ አጨበጨበ፣ ሶልያናም አጨበጨበች።

የቀረ አንድ ነገር ነበር። ልጅቷ አሁንም በሶልያና ሥር ናት። የተጠጋ ልጅ የሚመለሰው ያስጠጋችው ሴት ስትፈቅድ ብቻ ነው፤ ቁልፍ የያዘም ሰው ቢሆን አይነጥቃትም፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ይርገዱ መስኮት አራት ፊት ለፊት ቆመች። ድንቅነሽ ከመስታወቱ ወዲህ የሶልያና ጭን ላይ ተቀምጣ የማኅተም ክዳን ትከፍትና ትዘጋለች። ጽሑፉ "ልመልስ?" ይላል። ሶልያና ጣቷን አነሣችና ቆመች።

ይርገዱ ሁሉን ወሰደች፤ ወንበሩን፣ ቤቱን፣ ጭብጨባውን። የልጅቷ ፀጉር የሳሙና ሽታ ነበረው፤ የሷው ሳሙና።

"ዛሬ ደክሞሻል" አለች ሶልያና። "ሰኞ ብናደርገውስ? ልጅቷም እኮ ለምዳኛለች።"

ይርገዱ ወደ መስታወቱ ተጠጋች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ልጅቷ እንዳትሰማ።

"በዚህ ከተማ የሰው የመጨረሻ ቀን ላይ የሚጽፍ ሁለት እጅ ነው ያለው። የጋሽ ያብስራና ያንቺ። ትናንት ገና ከደጃፌ ሳልነሣ አውቄሻለሁ።"

"አንቺ" አለቻት። አሥራ ሁለት ሳምንት "እርስዎ" ስትላት የኖረች ልጅ።

"አውቀሽ ነው... ቤቴ መጥተሽ... ያስጠናሽኝ?"

"ልጄን ከዚያ አጥር የሚያወጣት እጅ ያው የገደለኝ እጅ ነበር። ሌላ አልነበረኝም። ስለዚህ ሳቅሁልሽ። ያበሰልሽውን በላሁ። ሌሊቱን ሙሉ አጠገብሽ ተኝቼ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኔን አልከደንኩም።" ፊቷ አልተለወጠም፤ ከሩቅ ለሚያያት ሰው የቆሎ ዋጋ የምትጠይቅ ትመስል ነበር። "አሁን ተጫኚው።"

ሶልያና ተጫነች።

ይርገዱ በጎን በር ዞራ ገብታ ልጇን አነሣች። ድንቅነሽ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና እጇን አውለበለበች፤ "ቻው ሶሊ!" አለች። እናትየዋ ህሊናን ተሰናብታ፣ ጋሽ ሮቤልን በስልክ "ድንኳኑ ተነሣ? ተመስገን" ብላ፣ እየሳቀች ወጣች። ወደ መስኮት አራት አንዴም አልዞረችም።

ሶልያና ባዶ ጭኗን ይዛ ቀረች። እና ምን እንደተሰማት ልንገራችሁ፦ ጸጸት መጣ፣ ግን ሁለተኛ ነው የመጣው። ቀድሞ የመጣው ያ የምታውቀው ቃጠሎ ነበር። እሷ አሥራ ሁለት ሳምንት ጠልታ፣ አንዲት ቀን እንኳ አሳምራ መደበቅ ሳትችል መጸዳጃ ቤት ስታለቅስ ከርማለች። ያቺ ግን አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት እየሳቀች ጠላቻት። መጥላቱንም ትበልጠኛለች፣ አለች ሶልያና።